በአንድ እጅ የተያዘ ምድር

ካናዳ ውስጥ ዜግነት የሚቀበል ሰው፣ ኢትዮጵያዊውም ጭምር፣ የሚምለው ቃለ መሐላ በ2021 ተሻሽሏል። አዲሱ ዜጋ አሁን የሚምለው የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑይትንና የሜቲስን ሕዝቦች መብት የሚያረጋግጠውን ሕገ መንግሥት ሊያከብር ነው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ቀን ደግሞ በቶሮንቶም በካልጋሪም ልጆች ብርቱካናማ ካናቴራ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቀኑ ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች መታሰቢያ እንደሆነ አብዛኛው ወላጅ ያውቃል። ከሦስቱ ስሞች መካከል ኢኑይት የሚባሉት፣ የምድር ጫፍ በሆነው በረዶማ ሰሜን የሚኖሩት፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንደሚገቡ ግን ብዙም አይነገርም። የእነሱ ታሪክ ደግሞ ከካቶሊክ ካህናትና ደናግል ታሪክ ጋር የተጠላለፈ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ሲነሣ የኖረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ሚስዮናውያኑ ኢኑይትን ጠቀሙ ወይስ ጎዱ? አንዱ ወገን ሐኪም ቤቱን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ በብርድ ያለቀውን ካህን ያነሣል። ሌላው አዳሪ ቤቱንና በውስጡ የተደፈሩትን ልጆች ያነሣል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ነገር ግን ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን አስቀምጦ ማቀናነስ ከነገሩ ሥር አያደርስም ባይ ነኝ። የጠቀመውም የጎዳውም አንድ አሠራር ነበር። መንግሥት ባልደረሰበት ሰፊ ምድር ላይ ሕክምናን፣ ትምህርትን፣ ጽሕፈትንና የነፍስን ጉዳይ አንድ ተቋም ጠቅልሎ ያዘ፤ ከላዩ የሚያየው፣ ከጎኑ የሚጠይቀው አልነበረም።

የኢኑይት አገር ከአላስካ ተነሥቶ በካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ በኩል እስከ ግሪንላንድ ይዘረጋል። ዛፍ አይበቅልበትም፣ አይታረስም። ሰው የሚኖረው አቆስጣና ዓሣ ነባሪ፣ ካሪቡ የሚባለውን ባለቀንድ የዱር እንስሳ፣ ዓሣም እያደነ ነው። ክርስትና ወደዚህ አገር ከየአቅጣጫው ነው የገባው። በግሪንላንድ የሉተራን ሰባኪው ሃንስ ኤገደ በ1721 ደረሰ። በላብራዶር ሞራቪያውያን በ1771 ሰፈሩ። አንግሊካኑ ኤድመንድ ፔክ በ1894 ከባፊን ደሴት አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ጣቢያውን ተከለ። ካቶሊኮች ዘግይተው ነው የመጡት፤ የቀረላቸው የሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የአርክቲክ ጠረፍ መካከለኛው ክፍልና የማኬንዚ ወንዝ መፍሰሻ ነበር።

ሥራውን የያዘው ኦብሌት የተባለው የካህናት ማኅበር ነው። ኦዤን ደ ማዘኖ በ1816 በደቡብ ፈረንሳይ የገጠር ድሆችን ለማስተማር መሠረቱት፤ አባላቱ ካናዳ የገቡት በ1841 ነው። ወደ አርክቲክ የሚላኩት አብዛኞቹ ከፈረንሳይና ከቤልጂየም የመጡ ወጣቶች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ አልቆዩም። በ1913 አባ ዣን ባቲስት ሩቪዬርና አባ ጊዮም ለ ሩ በኮፐርማይን ወንዝ አጠገብ ሲኒሲያክና ኡሉክሱክ በሚባሉ ሁለት አዳኞች እጅ ተገደሉ። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉትን አልካዱም፤ ካህኑ ጠመንጃ ደግኖ ተንሸራታቹን ጋሪ እንድንጎትት አስገደደን፣ ይገድለናል ብለን ፈራን አሉ። በ1917 ኤድመንተን ላይ በመጀመሪያው ክስ ሲኒሲያክ ነጻ ተባለ፤ ካልጋሪ ላይ በሁለተኛው ክስ ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ። የሞት ፍርዱ ተለውጦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የካናዳ ሕግ ወደዚያ አካባቢ የገባው በእነዚህ ካህናት ደም ምክንያት ነው ማለት ይቻላል፤ ፖሊሱ የመጣው እነሱን ፍለጋ ነውና።

ጸንቶ የቆመው ተልእኮ በ1912 የተጀመረው ነው። አባ አርሴን ቱርኬቲል በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በምትገኘው ቼስተርፊልድ ኢንሌት፣ በኢኑይት ስሟ ኢግሉሊጋርጁክ፣ ከአንድ የንግድ ድርጅት መደብር አጠገብ ቤት ሠሩ። ዓመታት አለፉ፣ የሚጠመቅ ጠፋ። መርከብ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ተልእኮው ሊዘጋ ይችላል የሚል ደብዳቤም መጥቶ ነበር። ቱርኬቲል ራሳቸው እንደተረኩት፣ ከፈረንሳይ ሊዝዩ ከተማ ከመነኩሲቷ ተሬዛ ዘሕፃኑ ኢየሱስ መቃብር የተወሰደ ጥቂት አፈር በፖስታ ደረሳቸው፤ ረዳታቸው ያንን አፈር በስብሰባ መካከል በሰዎቹ ራስ ላይ ነሰነሰው። በ1917 የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ተጠመቁ። ተሬዛ በ1927 የተልእኮዎች ሁሉ ጠባቂ ቅድስት ተብላ ስትሰየም ይህ ታሪክ በካቶሊኩ ዓለም የታወቀ ነበር።

የኢኑይት ትረካ ከዚህ ይለያል፤ ልናደምጠውም ይገባል። የቀድሞው ሕይወታቸው በብዙ ክልከላ የታጠረ ነበር። የባሕር እንስሳ ሥጋ ከየብስ እንስሳ ሥጋ ጋር አይደባለቅም፤ የወለደች ሴት ለረጅም ጊዜ የማትበላው፣ የማትሰፋው፣ የማትነካው ነገር ብዙ ነው። ክልከላ ሲጣስ አደን ይጠፋል፤ ያኔ አንጋኩክ የሚባለው፣ ከመናፍስት ጋር የሚነጋገረው ሰው፣ ጥፋተኛዋን በአደባባይ ያናዝዛል። በኢግሉሊክ አካባቢ በ1920ዎቹ ሰዎች ተሰብስበው፣ ካህን ሳይኖር፣ እስከዚያ የተከለከለውን የእንስሳ ክፍል አብረው በመብላት ወደ አዲሱ እምነት ተሻገሩ። ኡሚክ የሚባል የራሳቸው ሰው ነበር የመራቸው። የዴንማርኩ ተጓዥ ክኑድ ራስሙሰን በ1921 እና በ1924 መካከል በዚያ ሲያልፍ ይህን ለውጥ በዓይኑ አይቷል። ኢኑይት አዲሱን እምነት የተቀበሉት እነሱ ራሳቸው መዝነውት፣ ሸክማችንን የሚያቀልልን ነው ብለው ነው። ተታለው የገቡ የዋሆች አድርጎ የሚያቀርባቸው ጽሑፍ ሳነብ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው።

በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የነበረው ፉክክር ግን የኢኑይት ጉዳይ አልነበረም፤ ከአውሮፓ ተጭኖ የመጣ ነው። ፖንድ ኢንሌት ላይ አንግሊካኑም ካቶሊኩም በአንድ ዓመት፣ በ1929፣ ጣቢያ ከፈቱ። በአክላቪክ ሁለት ሐኪም ቤት፣ ሁለት አዳሪ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ቆመ። በኢግሉሊክ ወንድማማቾች በቤተ ክርስቲያን ተለያይተው የሰፈሩበት ዘመን ነበር። ተባብሮ ካላደነ በሚራብ ሕዝብ ላይ እንዲህ ያለ መለያየት ምን እንደሚያመጣ ለመገመት አያስቸግርም።

ደናግሉ የመጡት በ1931 ነው። ግራጫ ለባሾቹ ደናግል የሚባሉት ናቸው፤ ማኅበራቸውን ማርጌሪት ዱቪል በ1737 ሞንትሪያል ላይ ለድሆች አገልግሎት መሥርታዋለች፤ ወደ ቼስተርፊልድ ኢንሌት የዘለቁት ከኬቤክ ኒኮሌ ከተማ ከሚገኘው ቅርንጫፍ ነው። በተሬዛ ስም የተሰየመውን ሐኪም ቤት ተረከቡ። በዚያ ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ስለ ኢኑይት ጤና ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብሎ ለማመን እንኳ አልፈለገም ነበር፤ ጉዳዩ የተፈታው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1939 ኃላፊነቱ የፌዴራሉ መንግሥት ነው ብሎ ሲወስን ነው። ከዚያም በኋላ መንግሥት ገንዘቡን እየቆጠበ ሥራውን ለሚስዮን ተወው። ደናግሉ ዓመት እስኪሞላ ሌላ መርከብ በማይመጣበት ቦታ ምጥ የያዛትን አዋለዱ፣ እግሩ በብርድ የሞተውን አስታመሙ፣ ሽባውንና ዓይነ ስውሩን አኖሩ። ይህን ማሳነስ ሐሰት ይሆናል። የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ የሆነው የዛሬው የቼስተርፊልድ ተቋም በአንዲት ድንግል ስም ናጃ ኢዛቤል ይባላል፤ ስሙን ማንም አላስነሣውም።

በ1950ዎቹ የሳንባ ነቀርሳ ሲስፋፋ ግን የእነሱም ሐኪም ቤት አልበቃም። ሲ ዲ ሃው የተባለችው የመንግሥት መርከብ ከ1950 ጀምሮ በየመንደሩ እየቆመች ሰውን ሁሉ በኤክስሬይ ታያለች፤ በሽታ የተገኘበት ወደ ቤቱ ተመልሶ ሳይሰናበት በዚያው ወደ ደቡብ ይጫናል። በ1956 ከሰባት ኢኑይት አንዱ ገደማ በደቡብ ሐኪም ቤቶች ተኝቶ ነበር። ብዙዎቹ ሞተው የት እንደተቀበሩ ዘመድ ሳይነገረው ቀረ። ለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በማርች 2019 በሰሜን ወዳለችው ኢቃሉይት ከተማ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህ የደናግሉ ጥፋት አይደለም። የማነሣው ልጅን ወይም እናትን ከቤት መውሰድ በዚያ ዘመን ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስደንቀኝም የሚያሳዝነኝም ነው። ኦብሌቶቹ የኢኑይትን ቋንቋ፣ ኢኑክቲቱትን፣ ጠንቅቀው ተማሩ። ኢኑክቲቱት የሚጻፍበት ፊደል መጀመሪያ ለክሪ ሕዝብ በ1840 አካባቢ በሜቶዲስቱ ጄምስ ኤቫንስ የተቀረጸ ሲሆን፣ በአንግሊካኖች በኩል ወደ ኢኑይት ተላልፏል። የኛን ሀሁ ለቆጠረ ሰው አይከብድም፤ አንዱ ቅርጽ አንድ ተነባቢ ነው፣ ቅርጹ ሲዞር አናባቢው ይለወጣል። እናት ለልጇ በበረዶ ቤት ውስጥ እያስተማረች፣ ፊደሉ ያለ ትምህርት ቤት ተስፋፋ። በሰሜን ኬቤክ ካንጊክሱጁዋክ መንደር አባ ሮበር ለሻ ቋንቋውን ለመማር ሚቲያርጁክ ናፓሉክ የተባለችውን ሴት የዕለት ተዕለት ንግግር ዓረፍተ ነገሮችን እንድትጽፍላቸው ጠየቋት። እሷ ዓረፍተ ነገር መደርደሩ ሰለቻት መሰለኝ፣ ሰዎችን ፈጠረች፤ ሳናክ የምትባል መበለት ሕይወት እየተጻፈ ሄደ፣ ልብ ወለድ ሆነ። መጽሐፉ በ1984 በኢኑክቲቱት ፊደል ታትሟል፤ በቋንቋው የመጀመሪያው ልብ ወለድ ይባላል። አባ ሉሲየን ሽናይደር ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። በፔሊ ቤይ፣ በዛሬው ኩጋሩክ፣ ቤልጂየማዊው አባ ፍራንስ ቫን ደ ቬልደ የነዋሪውን የዘር ሐረግ እየጠየቁ መዘገቡ።

ካህናቱ በአንድ በኩል ቃል እየለቀሙ መዝገበ ቃላት በሚጽፉበት በዚያው ዘመን፣ ያው ማኅበር በሚያስተዳድራቸው አዳሪ ቤቶች ልጆች ያንኑ ቋንቋ ሲናገሩ ይቀጡ ነበር።

አዳሪ ትምህርት ቤት በምዕራቡ አርክቲክ ቀድሞ ነው የመጣው። በአክላቪክ ግራጫ ለባሾቹ ደናግል ያስተምሩበት የነበረው የካቶሊክ ትምህርት ቤት በ1920ዎቹ አጋማሽ ተከፈተ። የሚስዮኑ መርከብ ‹የሉርድ እመቤታችን› ልጆቹን ከየጠረፉ ሰብስቦ ያመጣ ነበር፤ ዛሬ ቱክቶያክቱክ ውስጥ በየብስ ላይ ቆሞ ይታያል። በ1944 ማንበብ ፈልጋ አባቷን ለምና ወደዚያ የሄደችው ኦሌማውን ፖኪያክ፣ ደናግሉ ማርጋሬት ብለው የሰየሟት፣ በስተርጅናዋ ልጅነቷን ‹ፋቲ ሌግስ› በተባለ የልጆች መጽሐፍ ተርካዋለች። ወላጆቿ ሊወስዷት ቢፈልጉም ወንዙ ቀድሞ እየረጋ ወይም ዘግይቶ እየቀለጠ መንገድ ሲዘጋባቸው ሁለት ዓመት ሳያይዋት ቀሩ። ስትመለስ እናቷ ‹ይህች የኔ ልጅ አይደለችም› አለች።

በምሥራቁ በኩል ሥራው የሰፋው መንግሥት ገንዘብ መስጠት ሲጀምር ነው። በቼስተርፊልድ ኢንሌት በ1951 የሰር ጆሴፍ በርኒየ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955 ደግሞ ቱርኬቲል አዳራሽ የተባለው አዳሪ ቤት ተጨመረለት። ገንዘቡ የመንግሥት፣ የአዳሪ ቤቱ አስተዳደር የሚስዮን ነበር። አውሮፕላን በነሐሴ ልጆቹን ከናውያት፣ ከኢግሉሊክ፣ ከኩጋሩክ ይሰበስባል፤ የሚመልሳቸው በረዶው ሊቀልጥ ሲል ነው። ፒታ ኢርኒክ በ1958 በአሥራ አንድ ዓመቱ ከቤተሰቡ የበጋ ድንኳን በካህን በጀልባ እንደተወሰደ በየመድረኩ ተናግሯል። ወላጆች ለምን ዝም አሉ የሚል አለ። ወሳጁ ያጠመቃቸው፣ ያጋባቸው፣ ሙታናቸውን የቀበረላቸው፣ መድኃኒት የሚሰጣቸው ሰው ነው። እሱን እምቢ ማለት ማንን እምቢ ማለት እንደሆነ እናስብ።

ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡት ብዙዎቹ ትምህርቱ ጥሩ እንደነበር አይክዱም። ኢርኒክ በኋላ የኑናቩት ኮሚሽነር ሆነ፤ ጃክ አናዋክ በካናዳ ፓርላማ ተቀመጠ፤ ሆሴ ኩሱጋክ የኢኑይትን ፊደል አንድ ወጥ ለማድረግ ሠራ። በ1999 ኑናቩት የራሷ አስተዳደር ያላት ግዛት ስትሆን ከመሥራቾቿ መካከል የቼስተርፊልድ ተማሪዎች ነበሩ። እነዚሁ ሰዎች ናቸው የተፈጸመባቸውን የተናገሩት። ማሪየስ ቱንጊሊክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለንጉሣዊው የነባር ሕዝቦች ኮሚሽን በልጅነቱ የደረሰበትን ወሲባዊ ጥቃት በአደባባይ መሰከረ። በ1993 የቀድሞ ተማሪዎች ቼስተርፊልድ ላይ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተከተለው። በ1994 ለግዛቱ መንግሥት የቀረበ የምርመራ ሪፖርት በተማሪዎቹ ላይ ጥቃት መፈጸሙን አረጋገጠ፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ክስ ሳይመሠርት ቀረ። ጳጳሱ ሬናልድ ሩሎ በ1996 በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይቅርታ ጠየቁ።

በሚስዮናውያን ላይ የሚነሣው የጥቃት ክስ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ የቆየው ግን በሁለት የኦብሌት ካህናት ምክንያት ነው። ቤልጂየማዊው ኤሪክ ደየገር በቤከር ሌክ በፈጸመው ጥቃት በ1990 ተፈርዶበት ነበር፤ በኢግሉሊክ የፈጸመው ሲወጣበት በ1995 ወደ ቤልጂየም ሸሸ። ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በማኅበሩ ቤት ውስጥ ኖረ። የተያዘው አንድ የቤልጂየም ጋዜጠኛ ሰውየው የካናዳ ዜግነት ሲወስድ የቤልጂየሙን እንዳጣ ስላወቀ ነው፤ ወረቀት የሌለው የውጭ ዜጋ ተብሎ በ2011 ወደ ካናዳ ተባረረ። በ2014 በ32 ክስ ጥፋተኛ ተባለ፣ በማግሥቱ ዓመት 19 ዓመት ተፈረደበት።

ሁለተኛው ፈረንሳዊው ዮአኒስ ሪቯር ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በናውያትና በሌሎች መንደሮች አገልግሎ በ1993 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በ1998 የእስር ማዘዣ ወጣበት፤ በ2017 ካናዳ ክሱን አቆመች፤ በ2022 አዲስ ክስ መሠረተች። በዚያ ዓመት የኢኑይት ልዑካን ሊዮን ድረስ ሄደው ፊት ለፊት አነጋገሩት። እሱ አላደረግሁም አለ። ፈረንሳይ ዜጋዬን አሳልፌ አልሰጥም አለች። በኤፕሪል 2024 በዘጠና ሦስት ዓመቱ ፍርድ ቤት ሳይቆም ሞተ። ማሪየስ ቱንጊሊክ ከሳሾቹ ውስጥ አንዱ ነበር፤ በ2012 ቀድሞት ሞቷል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በጁላይ 2022 ኢቃሉይት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሰማንያ አምስት ዓመት ሞልቷቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ አርክቲክ ድረስ መሄዳቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለቀሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ገንዘቡ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ2006ቱ የአዳሪ ትምህርት ቤቶች የካሣ ስምምነት የካቶሊክ ተቋማት ከምእመናን 25 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ እንጥራለን ብለው ፈርመው ከአራት ሚሊዮን በታች ሰበሰቡ፤ በ2015 ከግዴታው ነጻ ተባሉ። ጳጳሳቱ 30 ሚሊዮን ለመስጠት እንደገና ቃል የገቡት በ2021፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያልተመዘገቡ መቃብሮች ጉዳይ አገር ካናወጠ በኋላ ነው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ከቫቲካን ሙዚየም 62 ቅርሶች ለካናዳ ጳጳሳት አስረከቡ፤ ከመካከላቸው ከማኬንዚ ወንዝ ዳርቻ የተወሰደ፣ የምዕራቡ አርክቲክ ኢኑይት የሆኑት የኢኑቪያሉይት ካያክ (ጀልባ) ይገኝበታል። ሚስዮናውያን ለ1925ቱ የሮም ዐውደ ርእይ የላኳቸውን ዕቃዎች ቫቲካን ስጦታ ናቸው ስትል፣ ነባር ሕዝቦች በነጻ ፈቃድ መሰጠታቸውን ሲጠራጠሩ ኖረዋል።

ዛሬ በኩጋሩክና በናውያት ካቶሊክነት የአያቶች እምነት ሆኗል፤ ካህን በማይኖርበት እሑድ ጸሎቱን በኢኑክቲቱት የሚመሩት ምእመናን ናቸው። ይህ እምነት ሐሰት እንዳልሆነ ሁሉ ክሱም የሃይማኖት ጥላቻ አይደለም፤ ከሳሾቹ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚቆርቡ ሰዎች ናቸው። የሚጠይቁት ወረቀት ነው። ሚስዮናውያኑ በየጣቢያው የዕለት መዝገብ ይጽፉ ነበር፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ተዛወረ፣ ሁሉም ተጽፏል። ኦብሌቶቹ በ2022 የሮም ቤተ መዛግብታቸውን ለካናዳው ብሔራዊ የእውነትና ዕርቅ ማዕከል ከፍተዋል፤ የማዕከሉ ባለሙያ ከዚያ የልጆች ፎቶግራፎች ገልብጦ ተመልሷል። ፎቶግራፉ የልጁን ስም ለማግኘት ይረዳል። የበላይ አለቆች እርስ በርስ የተጻጻፉት ደብዳቤ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ካህን ከአንድ መንደር ወደ ሌላው፣ በመጨረሻም ከአገር ውጭ ሲሄድ ማን ፈረመ፣ ሲፈርም ምን ያውቅ ነበር የሚለው ከዚያ ብቻ ነው የሚገኘው። ሪቯር ሞቶ የወንጀል ክሱ ተዘግቷል፤ ይህን ጥያቄ ግን በሕይወት ያሉት አለቆች ዛሬም ሊመልሱት ይችላሉ።